ስልክ የደረሰበት፣ መጸዳጃ ቤት ያልደረሰበት፦ አገሮችን በምን እናወዳድር?

ሕንድ በ2011 ካካሄደችው ቆጠራ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሆነው ከአእምሮዬ አይጠፉም። ከአገሪቱ ቤተሰቦች 63.2 ከመቶው ስልክ ነበራቸው፤ በግቢያቸው መጸዳጃ ቤት የነበራቸው ግን 46.9 ከመቶው ብቻ ነበሩ። ግማሽ ያህሉ፣ በትክክል 49.8 ከመቶው፣ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እነዚህን ቁጥሮች ባገኘሁበት ጊዜ አገሮችን የማወዳድርበት የራሴ ሰንጠረዥ ነበረኝ። በአንደኛው ዓምድ የሞባይልና የኢንተርኔት ስርጭትን፣ በሁለተኛው ደግሞ የሕፃናት ሞትን፣ አማካይ የዕድሜ ጣሪያን፣ የንጹሕ ውኃና የመጸዳጃ ቤት ሽፋንን እመዘግብ ነበር። ሥራውን ስጀምር ሁለቱ ዓምዶች አብረው የሚወጡና አብረው የሚወርዱ መስለውኝ ነበር። በጥቅሉ ሲታይ ግምቴ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ሀብታም አገሮች በሁለቱም ከፍ ይላሉ፣ ድሃ አገሮች በሁለቱም ዝቅ ይላሉ። ትምህርት ያገኘሁት ግን ከዚህ አጠቃላይ ሥዕል ሳይሆን ሁለቱ ዓምዶች ከተለያዩባቸው አገሮች ነው።

የሕንድን ቁጥሮች ያየ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ፍርድ «ድሃው ከመጸዳጃ ቤት ስልክን አስበለጠ» የሚል ነው። ይህን አባባል ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም ያሳዝነኛል፤ ፍርደ ገምድል ነውና። ስልክ አንድ ሰው ብቻውን ወስኖ፣ ብቻውን ገዝቶ፣ በዚያው ቀን ጥቅሙን የሚያገኝበት ዕቃ ነው። ኔትወርኩን የሚዘረጋው ኩባንያ ወጪውን ከደንበኞቹ በቅድመ ክፍያ ጥቂት በጥቂት እየለቀመ ይመልሳል፤ አንድ ማማ ሲተከል በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሸፍናል፤ መንገድ መቆፈር፣ ቧንቧ መቅበር፣ የእያንዳንዱን ቤት ደጃፍ ማንኳኳት አያስፈልግም። የመጸዳጃ ቤት ነገር ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። አንድ ቤተሰብ ጥሪቱን አሟጦ ጥሩ መጸዳጃ ቤት ቢሠራ እንኳ፣ ጎረቤቱ ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ከሆነ ዝንቡም ጎርፉም በሽታውን ወደ እርሱ ልጅ ያመጡታል። ጥቅሙ የሚገኘው ሁሉም ወይም አብዛኛው ሰው አብሮ ሲያደርገው ነው። ፍሳሹን የሚወስድ መስመር፣ መስመሩን የሚጠግን ተቋም፣ ተቋሙን የሚያቆም ግብር፣ ግብሩን በታማኝነት የሚያስተዳድር ማዘጋጃ ቤት ያስፈልጋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል የተነገረው እንዲህ ላለው ጉዳይ ይመስለኛል። ስልክ አንዲቱ ሎሚ ናት፤ የፍሳሽ ማስወገጃ ሃምሳው ነው።

ይህ የድሃ አገሮች ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን ወደ 1858 ክረምት መለስ ማለት ይጠቅማል። በዚያ ዓመት በሰኔና በሐምሌ፣ በዘመኑ ከዓለም በቴክኖሎጂ ቀዳሚ በነበረችው አገር ዋና ከተማ በለንደን፣ ወደ ቴምዝ ወንዝ የሚለቀቀው ፍሳሽ ከመግማቱ የተነሣ በወንዙ ዳር ያለው ፓርላማ ሥራውን ማካሄድ አቅቶት ነበር። በነሐሴ ወር ደግሞ የመጀመሪያው የአትላንቲክ ውቅያኖስ የቴሌግራፍ ገመድ ተዘርግቶ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ቡካነን መልእክት ላከች። ውቅያኖስን አቋርጦ መነጋገር የቻለ ሕዝብ ከደጃፉ የሚፈሰውን ቆሻሻ ገና አላስወገደም ነበር። ገመዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተበላሸ፤ ኢንጂነር ጆሴፍ ባዛልጌት ከዚያ ክረምት በኋላ የገነባው የፍሳሽ መስመር ግን ከ150 ዓመት በላይ አገልግሎ እስከ ዘመናችን ደርሷል። መልእክት ማስተላለፊያው ከንጽሕናው ቀድሞ መድረሱ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው ርቀቱ ነው። የዓለም ባንክ በ2016 ባወጣው ዓመታዊ የልማት ዘገባ፣ በታዳጊ አገሮች ካሉት እጅግ ድሃ የሆኑ ቤተሰቦች መካከል ከ10 ወደ 7 የሚጠጉት ሞባይል እንዳላቸው፣ እነዚህ ቤተሰቦች ከመጸዳጃ ቤትም ሆነ ከንጹሕ ውኃ ይልቅ ሞባይል የማግኘት ዕድላቸው እንደሚበልጥ አስፍሯል።

ሕንድ ከዚያ ቆጠራ በኋላ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። መንግሥቷ በጥቅምት 2014 በጀመረው ግዙፍ ዘመቻ ከ100 ሚሊዮን በላይ መጸዳጃ ቤቶች መሠራታቸውን አስታውቆ፣ በጥቅምት 2019 በገጠር ሜዳ ላይ መጸዳዳት ማብቃቱን አወጀ። ከ2019 እስከ 2021 የተካሄደው ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናት ግን 19 ከመቶ የሚሆኑ ቤተሰቦች አሁንም ምንም ዓይነት መጸዳጃ ቤት እንደማይጠቀሙ አሳየ። ቀደም ሲል በ2015 እና 2016 በተደረገው ጥናት ይኸው ቁጥር 39 ከመቶ ነበር። እኔ በዚህ ውስጥ ሁለት ነገር አያለሁ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግማሽ ያህል መቀነስ ማንም የማይክደው ትልቅ ሥራ ነው፤ በሌላ በኩል «ተሠራ» እና «አገልግሎት ላይ ዋለ» የሚሉት ቃላት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደሚለኩ በግልጽ ያሳያል። አገሮችን ስናወዳድር ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የመለኪያውን ነገር ካነሣሁ ትንሽ ልቆይበት። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት «የኢንተርኔት ተጠቃሚ» ብሎ የሚቆጥረው ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ከየትኛውም ቦታ ሆኖ ኢንተርኔት የተጠቀመን ሰው ነው። በሦስት ወር አንድ ጊዜ በሰው ስልክ መልእክት ያነበበችው እናትና ቀኑን ሙሉ በፈጣን መስመር የሚሠራው መሐንዲስ በዚህ ቆጠራ እኩል ናቸው። የሞባይል ደንበኝነት ቁጥር ደግሞ የሚቆጥረው ሲም ካርድን እንጂ ሰውን አይደለም፤ በብዙ አገሮች ከሕዝቡ ቁጥር የሚበልጠውም ለዚህ ነው። በሌላው ዓምድ ያለው መለኪያ ይበልጥ ጥብቅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያካሄዱት ክትትል «ደኅንነቱ በተጠበቀ ሁኔታ የሚተዳደር» የሚባለው መጸዳጃ ቤት ከሌላ ቤተሰብ ጋር የማይጋሩት፣ ፍሳሹም በቦታው ወይም ተወስዶ በአግባቡ የሚወገድለት መሆን አለበት። በዚህ መለኪያ በ2022 አገልግሎቱን ያገኘው ከዓለም ሕዝብ 57 ከመቶው ነበር፤ 3.5 ቢሊዮን ሰው አላገኘም። በ2023 ደግሞ 5.4 ቢሊዮን ሰው ወይም 67 ከመቶው ኢንተርኔት ተጠቅሟል። ኢንተርኔት ቀደመ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አንደኛው ቁጥር ደጁን ከፍቶ ሁሉን የሚያስገባ፣ ሌላው እያጣራ የሚያስገባ መሆኑን ሳይናገሩ ሁለቱን ማወዳደር አንባቢን ማሳሳት ነው።

ከሁሉ ይልቅ አስተሳሰቤን የቀየረው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን ዓምድ «ቴክኖሎጂ» ብዬ ስሰይም ምንን ማለቴ ነበር? ስልክ፣ ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔት። ለመሆኑ ኦ አር ኤስ ብለን የምናውቀው የስኳርና የጨው ውሑድ ቴክኖሎጂ አይደለምን? ኮሌራና ተቅማጥ የሚገድሉት የሰውነትን ውኃና ጨው አሟጠው ነው። ስኳር ባለበት አንጀት ጨውንና ውኃን መምጠጡን እንደሚቀጥል ሲታወቅ፣ ያለ መርፌና ያለ ጉሉኮስ ከረጢት በሽተኛውን በማጠጣት ብቻ ማዳን ተቻለ። ይህ በ1968 የዛሬዋ ባንግላዴሽ ዋና ከተማ በሆነችው በዳካ በኮሌራ ሕሙማን ላይ በተደረገ ሙከራ ተረጋገጠ። በ1971 በባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ስደተኞች ወደ ሕንድ ሲጎርፉ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም በቦንጋኦን መጠለያ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅበት ውሑዱን በበርሜል አዘጋጅቶ ቤተሰቦቻቸው እንዲያጠጧቸው አደረገ። ከ100 ሕሙማን 30 ያህል ይሞቱ የነበረው ከ4 በታች ወረደ። በ1978 ታዋቂው የሕክምና መጽሔት ላንሴት ግኝቱ ምናልባት ከክፍለ ዘመኑ የሕክምና እመርታዎች ሁሉ የላቀው ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። እኔ ባዘጋጀሁት ሰንጠረዥ ውስጥ ግን ለዚህ ቦታ አልነበረውም፤ የማውቃቸው የቴክኖሎጂ ደረጃ ሰንጠረዦችም ቦታ አይሰጡትም።

ባንግላዴሽ ከዚህ በኋላ ያደረገችው ነገር ከማውቃቸው የቴክኖሎጂ ስርጭት ታሪኮች ሁሉ ይበልጥብኛል። ብራክ የተባለው አገር በቀል ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ሴት ሠራተኞችን ቤት ለቤት እየላከ ከ12 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ እናቶች ውሑዱን በራሳቸው ቤት እንዲያዘጋጁ አስተማረ። መለኪያው በሦስት ጣት የሚቆነጠር ጨውና በእጅ የሚዘገን ያልተጣራ ስኳር ነበር። የድርጅቱን ጥበብ የማደንቀው ግን በአከፋፈሉ ነው። የአስተማሪዋ ደመወዝ የሚታሰበው በጎበኘቻቸው ቤቶች ብዛት አልነበረም። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ሰው ከተማሪዎቹ እናቶች የተወሰኑትን በዕጣ መርጦ ይጠይቃቸው ነበር፤ እናትየዋ ምን ያህል እንዳስታወሰች፣ ውሑዱንም ምን ያህል በትክክል እንዳዘጋጀች ታይቶ ለአስተማሪዋ ይከፈላት ነበር። የተለካው የደረሰው ነገር ሳይሆን በእናትየዋ እጅ የቀረው ነው። ዛሬ ለዲጂታል ፕሮጀክቶቻችን ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎች ሁሉ ይህን አንድ ነገር ቢያጠኑ ምንኛ በተመኘሁ።

ሕንድና ባንግላዴሽን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የሁለቱ ዓምዶች ልዩነት ጎልቶ ይታየኛል። ሕንድ በነሐሴ 2023 ቻንድራያን 3 የተባለችውን መንኮራኩር በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አቅራቢያ አሳርፋለች፤ በ2016 ሥራ የጀመረው ዩ ፒ አይ የተባለው የክፍያ ሥርዓቷ በዚያው ነሐሴ ወር ከ10 ቢሊዮን በላይ ክፍያዎችን አስተናግዷል። ባንግላዴሽ በዚህ ዓምድ ከሕንድ ጋር የምትወዳደር አይደለችም። ሆኖም በመቀንጨር የተጎዱ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሕንድ የ2019–21 ጥናት 35.5 ከመቶ ሲሆኑ፣ በባንግላዴሽ የ2022 ጥናት 24 ከመቶ ነበሩ። የባንግላዴሽ አማካይ የዕድሜ ጣሪያም ከሕንድ ይበልጣል። ይህ ልዩነት የተፈጠረው ሕንድ በነፍስ ወከፍ ገቢ በግልጽ ትበልጥ በነበረባቸው ዓመታት ነው። ሕንድን ለመውቀስ ይህን አላነሣሁም፤ በሕንድ ውስጥም ኬረላ የተባለችው ክፍለ ግዛት አለች። በ2020 በሕንድ ከ1,000 ሕያው ሆነው ከተወለዱ ሕፃናት 28ቱ የመጀመሪያ ልደታቸውን ሳያዩ ሲሞቱ፣ በኬረላ የሞቱት 6 ብቻ ነበሩ። ልዩነቱ የመጣው ከኮምፒውተር ሳይሆን ሴቶችን ከማስተማርና የጤና ጣቢያን ለሰው ከማቅረብ ነው፤ ኬረላ ይህን የጀመረችው ሞባይል ከመፈልሰፉ አስቀድሞ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ሳሙኤል ፕሬስተን በ1975 እንዳሳየው፣ በተመሳሳይ የገቢ ደረጃ ላይ ያሉ አገሮች ዕድሜ ከአሥርት ወደ አሥርት እየረዘመ የመጣው በአብዛኛው ገቢ ስላደገ ሳይሆን ስለ በሽታ ያለው ዕውቀትና እርሱን የመከላከያው ዘዴ ስለተስፋፋ ነው።

በሀብታሞቹ አገሮች መካከልም ዓምዶቹ ይለያያሉ። ጃፓን ፍሎፒ ዲስክ የተባለውን አሮጌ የኮምፒውተር መረጃ ማስቀመጫ እንድትጠቀም የሚያስገድዷትን ከ1,000 የሚበልጡ የመንግሥት ደንቦች ሽራ የጨረሰችው በ2024 ነው፤ ዜጎቿን ሁሉ በጤና መድን ያቀፈችው ግን በ1961 ነው፤ አማካይ የዕድሜ ጣሪያዋ ወደ 84 ዓመት ይጠጋል። አሜሪካ የኮቪድ ክትባትን ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ካደረሱት አገሮች አንዷ ናት፤ ሆኖም በ2019 የነበረው 78.8 ዓመት የዕድሜ ጣሪያዋ በ2021 ወደ 76.4 ወረደ፤ ይህም ከጠቅላላ ምርቷ 17 ከመቶ ያህሉን ለጤና እያወጣች ነው። ደቡብ ኮሪያ በፈጣን ኢንተርኔት በዓለም ከቀዳሚዎቹ ተርታ ስትሰለፍ፣ ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ዜጎቿ 40 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት በአንጻራዊ ድህነት ይኖራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብሔራዊ ጡረታዋ የተጀመረው በ1988 ሲሆን ለሁሉም የተዳረሰው በ1999 ነው፤ አገሪቱን በእጃቸው የገነቡት ሰዎች በቂ መዋጮ ሳያጠራቅሙ አረጁ። ፈጣን ኢንተርኔት በጥቂት ዓመታት ይዘረጋል፤ የጡረታ ሥርዓት ግን እስኪበስል ድረስ የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ይፈጃል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ቴክኖሎጂን ለማንኳሰስ ከተወሰደብኝ ሐሳቤን በሚገባ አልገለጽኩም ማለት ነው። በኬንያ በሞባይል ገንዘብ የሚላክበት ኤም ፔሳ በመጋቢት 2007 ሥራ ጀመረ። ተመራማሪዎቹ ታቭኒት ሱሪና ዊሊያም ጃክ በ2016 ባሳተሙት ጥናት አገልግሎቱ 194,000 ቤተሰቦችን፣ ማለትም ከአገሪቱ ቤተሰቦች 2 ከመቶውን፣ ከድህነት እንዳወጣ ገምተዋል፤ ጥቅሙ ጎልቶ የታየውም በሴቶች በሚመሩ ቤተሰቦች ላይ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ቤተሰብ ሕመም ወይም ድርቅ ሲደርስበት በሩቅ ያለ ዘመድ በዚያው ቀን ገንዘብ ሊልክለት ቻለ፤ ስለዚህ ከብቱን ሳይሸጥ፣ ልጁንም ከትምህርት ቤት ሳያስቀር ክፉውን ቀን አለፈው። በዚያው በኬረላ ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ጄንሰን ያጠናቸው ዓሣ አጥማጆችም ከ1997 ጀምሮ ሞባይል ሲያገኙ፣ ገበያ የጠፋለትን ዓሣ ወደ ባሕር መመለሳቸው ቀረ፤ ትርፋቸው በ8 ከመቶ አደገ፣ ሸማቹ የሚከፍለውም ዋጋ በ4 ከመቶ ቀነሰ። በሁለቱም ታሪኮች ስልኩ የተጨመረው አስቀድሞ በነበረ ነገር ላይ ነው፤ በኬንያ የዘመድ አዝማድ መረዳዳት ነበር፣ በኬረላ የሚሠራ የዓሣ ገበያ ነበር።

ርዋንዳን በዚህ ዓይን ማየት ያስፈልጋል። በጥቅምት 2016 ዚፕላይን የተባለው ኩባንያ በድሮን ለሆስፒታሎች ደም ማድረስ ከጀመረ ወዲህ ዓለም ስለ ርዋንዳ ጤና ሲያወራ የሚያነሣው ድሮኑን ነው። ድሮኑ ጥቅም የለውም የሚል የለም፤ በ2022 በታተመ ጥናት በሆስፒታሎች ጊዜው አልፎ የሚጣለው ደም በ67 ከመቶ መቀነሱ ታይቷል። ነገር ግን የእናቶችን ሞት ቁጥር በቅደም ተከተል እንመልከት። በ2000 ከ100,000 ሕያው ልደቶች 1,071 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2014–15 ቁጥሩ ወደ 210 ወረደ፤ በ2019–20 ደግሞ 203 ሆነ። ትልቁ መውረድ የተፈጸመው የመጀመሪያው ድሮን ከመነሣቱ በፊት ነው። ያን ያመጡት አብዛኛውን ሕዝብ ያቀፈው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን፣ በየመንደሩ ሕዝቡ ራሱ የመረጣቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞችና እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ የተደረገው የዓመታት ጥረት ናቸው። እነዚህ ፎቶግራፍ ላይ አያምሩም፤ ድሮን ግን ያምራል። አገሮችን የምናወዳድርባቸው ዘገባዎች ለሚያምረው ነገር ማድላታቸው በእውነት ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሌላ አገር ከርዋንዳ ልማር ብሎ ሲመጣ የሚቀዳው ድሮኑን ሆኖ የጤና ሠራተኛዋን ሊተዋት ይችላል።

መሠረቱ ሳይኖር ዕቃው ብቻ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ፔሩ አሳይታለች። አገሪቱ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ከ800,000 በላይ ላፕቶፖችን አከፋፈለች። የአሜሪካ አህጉራት ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ባደረጉት ጥናት፣ ላፕቶፕ ባገኙት ትምህርት ቤቶች ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ኮምፒውተር ከ0.12 ወደ 1.18 እንዳደገ፣ በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ግን ለውጥ እንዳልታየ በ2012 አስታወቁ። በእኔ የመጀመሪያ ዓምድ ብትለካ ፔሩ በአንድ ጊዜ ዐሥር እጥፍ ያህል ዘልላ ነበር።

ከፔሩ ይልቅ የሚያነጋግረኝ ግን አንድ ዓይነት ቴክኖሎጂ በአንዲት አገር ውስጥ ሁለት ዓይነት ውጤት ያመጣበት ታሪክ ነው። በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት መንግሥት ለገጠር ነዋሪዎች ሥራ በሚሰጥበት መርሐ ግብር የሚከፈለው ደመወዝና ጡረታ በጣት አሻራ በሚሠራ ካርድ እንዲከፈል ተደረገ። 19 ሚሊዮን ሕዝብ በሚኖርባቸው ወረዳዎች የተካሄደው ጥናት ክፍያው እንደፈጠነና በመንገድ የሚጠፋው ገንዘብ እንደቀነሰ አሳየ። በጃርክሃንድ ክፍለ ግዛት ደግሞ በድጎማ የሚታደል እህል ለመውሰድ ብሔራዊ መታወቂያና የጣት አሻራ ግዴታ ሆነ። የአንድራ ፕራዴሹን ጥናት ያዘጋጁት ተመራማሪዎች ራሳቸው እዚያ ያገኙት፣ የሚሰረቀው እህል በዚህ ግዴታ አለመቀነሱን፣ መታወቂያቸው ከእህል እደላው መዝገብ ጋር አስቀድሞ ያልተያያዘላቸው ሰዎች ግን ከሚያገኙት ጥቅም 10 ከመቶ ያህል ማጣታቸውን ነው። መሣሪያው ያው የጣት አሻራ ነው። በአንድራ ፕራዴሽ ካርድ ያልያዘ ሰውም ገንዘቡን የሚያገኝበት መንገድ ክፍት ነበር፤ በጃርክሃንድ ግን መሣሪያው እምቢ ያለው ሰው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችል ነበር። የጣት አሻራቸው በጉልበት ሥራ የተፋቀ ሰዎች መጀመሪያ የሚገፉት እነርሱ ናቸው። በአገሮች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ሁለቱም «የዲጂታል መታወቂያ ተግባራዊ ሆኗል» ተብለው በአንድ ምልክት ይታለፋሉ።

ዲየጎ ኮሚንና ማርቲ ሜስቲየሪ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ያለፉትን ሁለት መቶ ዓመታት ቴክኖሎጂዎች ታሪክ አጥንተው የደረሱበት ነገር ይህን ሁሉ የሚያስር ይመስለኛል። አንድ ፈጠራ ከሀብታም አገር ወደ ድሃ አገር ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ እያጠረ መጥቷል፤ ከደረሰ በኋላ ግን በሕዝቡ ውስጥ የሚሰርጽበት መጠን በሀብታምና በድሃ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ሄዷል። ደረጃ የሚያወጡ ሰንጠረዦች መድረስን ይለካሉ፤ ሰው የሚጠቀመው ከመስረጹ ነው።

ስለዚህ ሰንጠረዤን ቀየርኩት። አሁን በእያንዳንዱ ረድፍ የምጽፈው ነገሩ መሥራቱ የተረጋገጠበትን ዓመትና እጅግ ድሃ ከሆነው የሕዝብ ክፍል ዘንድ የደረሰበትን ዓመት ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ሞባይል ነው። በሚያዝያ 1973 ማርቲን ኩፐር በኒውዮርክ ጎዳና ላይ በእጅ በሚያዝ ስልክ የመጀመሪያውን ጥሪ አደረገ፤ በ2023 ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው የዓለም ሕዝብ 78 ከመቶው የራሱ ሞባይል ነበረው። ሁለተኛው ረድፍ በ1968 በዳካ የተረጋገጠው የስኳርና የጨው ውሑድ ነው። ከሞባይል በአምስት ዓመት ይቀድማል፤ ባትሪ አይፈልግም፣ ማማ አይፈልግም፣ ዋጋውም ከስልኩ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ዛሬ በዓለም ላይ ተቅማጥ ከሚይዛቸው ሕፃናት ውሑዱን የሚያገኙት ከግማሽ በታች ናቸው፤ በየዓመቱም ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ከ400,000 በላይ ሕፃናት በዚሁ በሽታ ይሞታሉ። በዚያ ረድፍ መጨረሻ ላይ የምጽፈው ዓመት ገና የለኝም።